በጭነት ላይ መንጠልጠልና አገር የማየት ምኞት

በዛሬው ጊዜ ከእኛ ከተማሪዎች መካከል አንድ አዲስ ፍቅር እየበረታ መሄዱ የማይካድ ነው። ይኸውም በአሜሪካ «ሆቦ» እየተባሉ የሚጠሩት ሰዎች ቲኬት ሳይቆርጡ በዕቃ ባቡር ተሳፍረው ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወሩበትን ኑሮ በእጅ ስልክ እየተመለከቱ መጎምጀት ነው። በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ የባቡር ሐዲድ ስለሌለ የእኛ ሰው ምኞቱን የሚወጣው በአይሱዙ ላይ ነው። ከጅማ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ከጊቤ በረሃ ወደ ወልቂጤ ዳገቱን ሲወጣ ቀስ ስለሚል ከኋላው መንጠልጠል ቀላል ነው ይላሉ። በእኛም ከተማ ብስክሌት እየነዱ የመኪና ጫፍ ይዘው የሚጎተቱ ልጆች አሉ፤ ሌላው ደግሞ በስልኩ ያነሣቸዋል።

ውድ አንባብያን፥ አገር ለማየት መመኘት ነውር ነው የሚል አሳብ የለኝም። ወላጆቻችን ነገሩን «ዱርዬነት» በሚል አንድ ቃል ሲዘጉት ያበቃ ይመስላቸዋል፤ ዳሩ ግን ልጅ ዱርዬ ስለተባለ ከመንገድ አይቀርም። እኔ የምቃወመው ስለ ሆቦ የሚወራው ታሪክ ግማሹ ብቻ መሆኑን ነው።

ሆቦ ማለት በመሠረቱ ሥራ ፈላጊ ነው። አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ከተዋጉበት ጦርነት በኋላ፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1865 ወዲህ፥ ሐዲዱ በየአገሩ ሲዘረጋ ሥራ የሌለው ሰው አዝመራ ወደሚሰበሰብበትና ሐዲድ ወደሚነጠፍበት ስፍራ በዕቃ ባቡር ይሄድ ነበር። ራሳቸው ሆቦዎቹም ደረጃ ነበራቸው፤ እየተዘዋወረ የሚሠራው ሆቦ፥ እየተዘዋወረ የማይሠራው ትራምፕ፥ የማይዘዋወርም የማይሠራም ባም ይባል ነበር። በዚህ ሚዛን ቢመዘን በአይሱዙ የሚንጠለጠለው ጓደኛችን ሆቦ ለመባል እንኳ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ዓይነት ተጓዙ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በእኛ ዕድሜ የነበሩ ልጆች ናቸው። ከቤት ያስወጣቸው ደስታ ሳይሆን በቤት እንጀራ መጥፋቱ ነበር። እርግጥ ነው፥ ዛሬ በአይዋ ግዛት ብሪት በምትባል ትንሽ ከተማ በየዓመቱ በነሐሴ የሆቦ በዓል ይከበራል፤ ንጉሥና ንግሥትም ይመረጣሉ። በዓል የሆነው ግን መከራው ከራቀ በኋላ ነው።

ጃክ ሎንዶን የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1894 በ18 ዓመቱ በዕቃ ባቡር ሲዘዋወር በኒያጋራ ፏፏቴ ከተማ ተይዞ «ሥራ ፈት ነህ» ተብሎ 30 ቀን ታስሯል። የእርሱን መጽሐፍ የሚያደንቅ ብዙ ነው። ዴቪስ የተባለውን የዌልስ ባለቅኔ የሚያነሣ ግን የለም። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1899 በካናዳ በሚሄድ ባቡር ላይ ለመዝለል ሲሞክር እግሩ ከመንኰራኵሩ ሥር ገብቶ ተቈረጠበት፤ ከዚያም በኋላ እስኪሞት ድረስ በእንጨት እግር ሲሄድ ኖረ። ባለቅኔ ስለሆነ ታሪኩ ተጻፈለት። ባለቅኔ ያልሆኑትን ማን ቈጠራቸው?

በአገራችንም ቢሆን ማስረጃ አይታጣም። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ የተሳፋሪ ባቡር በድልድይ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እነዚያ በውስጡ የተቀመጡ ነበሩ፤ እንግዲህ ከውጭ የተንጠለጠለውን አስቡት።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ሌላ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑም ተነገረ። በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚወስደው በዚህ መንገድ ከእኛ ጎረቤት አገሮች ከሐዲያና ከከንባታ ብዙ ወጣት ሄዷል። በጭነት ውስጥ መጓዝ ለእነርሱ ጨዋታ አልነበረም። እኛ በቤታችን ቁርስ በልተን በአይሱዙ ላይ ስንንጠለጠልና ስንሳሳቅ የእነዚያ ልጆች እናት ብታየን ምን ትለን ይሆን?

ደግሞስ ስለ መንከራተት ታሪክ ለመስማት አሜሪካ ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ? አያቶቻችን ከሶዶ፥ ከመስቃንና ከሰባት ቤት ተነሥተው በእግራቸው አዲስ አበባ እየገቡ ሸክም ተሸክመዋል፤ ጫማ ጠርገዋል፤ ሱቅ በደረቴ ይዘው ዞረዋል። በእቁብ እያጠራቀሙ ሱቅ የከፈቱም አሉ። የእነርሱ መንከራተት ግን መመለሻ ነበረው፤ ዓመቱን ሙሉ የትም ቢውሉ ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ፤ ክትፎውም ይጠብቃቸዋል። መንገዱ ቢያስቸግራቸው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ይህን ታሪክ ከሽማግሌዎች ቃል ጽፎ ለመጽሔታችን የሚያመጣ ተማሪ እስካሁን አለመታየቱ ይገርመኛል።

አሁን ወደ መምህራን ልመለስ። ተማሪ አገር ማየት የሚችልበት ሌላ መንገድ ካልተሰጠው «አትንጠልጠል» የሚለው ተግሣጽ ብቻውን አይበቃም። ከእኛ መካከል ጢያን በዓይኑ ያየ ስንት ነው? በቡታጅራና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያሉት 36ቱ ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ከእነርሱ 32ቱ ሰይፍና ሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ነበሩ። የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ ያያቸዋል፤ የእኛ ተማሪ በአውቶቡስ መስኮት እንኳ ሳያያቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ይጨርሳል። ዘቢዳር ተራራማ በየማለዳው ፊት ለፊታችን ነው።

ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የእግረኞች ክበብ እንዲቋቋም እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ከክረምቱ ዝናብ በፊት ወደ ጢያ ቢሆን መልካም ነው። መንገዱ በአንድ ቀን ስለማይገፋ ማደሪያ አስቀድሞ መለመን፥ የወላጆችንም ፈቃድ በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። በሶና ቆሎ እኛው እናመጣለን። የመመለሻውን የአውቶቡስ ሒሳብ ግን ከመነሣታችን በፊት አንድ መምህር ቢሰበስብ ይሻላል፤ ጢያ ላይ ደክሞት አይሱዙ የሚያማትር አይጠፋምና።