ዓሣን በየወቅቱ የማጥመድ ብልኃት

በሀድያና በከምባታ አገር ቆጮ የቤቱ ሁሉ ምሰሶ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሥጋን የሚገነባው ኃይል በውስጡ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ይልቁንም ለሚያድጉ ሕፃናት ወተት፥ ባቄላ፥ ሥጋ ወይም ዓሣ ሊጨመርበት ይገባል። ሥጋ ዘወትር በማይገኝበት ቤት ዓሣ መልካም ረዳት ነው። ስለዚህ ዓሣ በየትኛው ወቅት በምን ብልኃት እንደሚጠመድ፥ በየትኛውም ወቅት ሊተው እንደሚገባው ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት እንገልጻለን።

በአሜሪካ ሐይቆች ባስና ክራፒ የሚባሉትን ዓሦች የሚያጠምዱ ሰዎች አስቀድመው የውሃውን ሙቀት ይመረምራሉ። ብርዱ አልፎ ውሃው መሞቅ ሲጀምር ሁለቱም ለመራባት ወደ ዳር ይቀርባሉ፤ በበረዶው ወራት ደግሞ ወደ ጥልቁ ወርደው ይደነዝዛሉ። አጥማጁም ትንሽ ዓሣ አስመስሎ የሠራውን ማታለያ በሙቀት ጊዜ ፈጠን፥ በብርድ ጊዜ ዘግየት አድርጎ ይስበዋል። በእኛ ሐይቆች ግን ሙቀትና ብርድ ያን ያህል አይራራቁምና፥ ወቅትን ይበልጥ የሚለየው ዝናቡና ጎርፉ ነው።

ከሞርሲቶና ከሆሳዕና ደጋ ወደ ሻሾጎ ሜዳ ሲወረድ የሚገኘው የቦዮ ሐይቅ ለዚህ ምስክር ነው። በክረምት ተስፋፍቶ ሣሩን ያጥለቀልቃል፤ በበጋ ይሸሻል። እንዲህ ያለ ስፍራ ለአምባዛ የሚስማማ ነው። አምባዛ በደፈረሰ ውሃና በሌሊት ምግቡን የሚፈልገው በዓይኑ ሳይሆን በሽታና በጢሙ ነው። ስለዚህ በክረምት የሚያብረቀርቅ ብረት ቢጥሉለት ከንቱ ድካም ነው፤ ይልቅስ የመሬት ትል ወይም የዶሮ አንጀት በጠንካራ መንጠቆ ሰክቶ፥ ማታ ከውሃው ወለል ማሳረፍ ይበጃል።

ቆሮሶ ግን ምግቡ በአብዛኛው በውሃ ውስጥ የሚበቅለው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነውና ብረት አያሳድድም። በበጋ ውሃው ሲጠራ ክሩን ቀጭን፥ መንጠቆውን ትንሽ አድርጎ፥ ሊጥ ወይም ትል መስቀል ይሻላል፤ የአጥማጁም ጥላ በውሃው ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ነው።

የቢላቴ ወንዝ በሚገባበት በአባያና በጎረቤቱ በጫሞ ደግሞ ናይል ፐርች የሚባለው ታላቅ ዓሣ አለ። እርሱ ዓሣ በል ስለ ሆነ፥ እንደ አሜሪካው ባስ በሚያብረቀርቅ ማታለያ ይያዛል። ነገር ግን በእነዚህ ሐይቆች አዞ ስለሚበዛ፥ ልጆችን ወደ ዳር መስደድ ፈጽሞ አይገባም።

ከማጥመድ ይልቅ ግን መተውን ማወቅ ይበልጣል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን፥ ኋላም ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ በተጠመደችም ጊዜ ከአፏ ትተፋቸዋለች። ወንዱ ባስም ጎጆውን ሲጠብቅ ቢያዝ፥ ሌሎች ዓሦች መጥተው እንቁላሉን ይበሉታል። እንግዲህ በዚያ ጊዜ አንዱን የያዘ ሰው መቶዎቹን አጠፋ ማለት ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ይበልጥ የሚራባው ከጥር እስከ መጋቢትና ከሐምሌ እስከ መስከረም ገደማ ነው። በእነዚህ ወራት ዳር ዳሩን አለማወክ፥ ዓይኑ የጠበበ መረብም አለመጣል የሚመጣውን ዓመት ማዕድ መጠበቅ ነው። በ1995 ዓ. ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅም ይህን ሀብት በሥርዓት ለመጠቀም የተደነገገ ነው።

የቤት እመቤቶችም ዓሣ ፈጥኖ እንደሚበላሽ ይወቁ። እንደ ተያዘ ሆዱን አውጥቶ ማጠብ፥ በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ በጥላ ማምጣትና በዕለቱ ማብሰል ያስፈልጋል። እሾሁም ለሕፃናት አደገኛ ስለ ሆነ በሚገባ ተለቅሞ ከቆጮው ጋራ ይቅረብ። ወቅቱን አውቆ የሚያጠምድ ሰው ለዛሬ ልጆቹን ያጠግባል፤ ወቅቱን አውቆ የሚተው ደግሞ ለልጅ ልጆቹ ያወርሳል።