ውኃን የሚፈራው ማን ነው?

የጋብቻችሁን መታሰቢያ ወይም የልጆቻችሁን የሰመር ዕረፍት ምክንያት አድርጋችሁ በጎማ ጀልባ የተራራ ወንዝ ለመውረድ አስባችሁ ይሆናል። በዴንቨርና በአውሮራ ለምትኖሩ የኮሎራዶው አርካንሳስ ወንዝ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ቢወስድ ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ ሲታሰብ ቶሎ የሚነሣው ጥያቄ “ስንት ይፈጃል?” የሚለው ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፦ ከመካከላችን ውኃን አብልጦ የሚፈራው ማን ነው?

ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ያደግን ነን። ሚስት የባሏን ደስታ ላለማበላሸት ፍርሃቷን ደብቃ ትሄዳለች። ባልም “ፈራ” እንዳይባል ዝም ይላል። ወንዙ ላይ ሲደርሱ ግን የተደበቀው ፍርሃት ይወጣል፤ በድንጋጤ መቅዘፉን የተወ ሰው ጀልባውን በሙሉ ያውካል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለታችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። “አይዞሽ፣ ምንም የለም” ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ከተነጋገራችሁ በኋላ የሚከተሉትን አስቡ።

1. ወንዙን ለፈሪው ምረጡ። ወራጅ ውኃ እንደ ኃይሉ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. በብሔራዊ ደረጃ ጥበቃ የተደረገለት ብራውንስ ካንየን በአብዛኛው ደረጃ 3 ነው። ቢግሆርን ሺፕ ካንየን ቀለል ይላል። ሮያል ጎርጅ 4 እና 5 ስለሚደርስ ለጀማሪ ቤተሰብ አይመረጥም።

2. ወቅቱን እወቁ። ወንዙን የሚሞላው የተራራው በረዶ ሲቀልጥ ነው። ብዙውን ጊዜ በጁን ወር ውኃው እጅግ ኃይለኛና ቀዝቃዛ ይሆናል። ለጀማሪዎች ከጁላይ አጋማሽ በኋላ ይሻላል።

3. ለኩባንያው እውነቱን ንገሩ። በኮሎራዶ እንዲህ ያለ ኩባንያ የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ዋና አለመቻልን፣ እርግዝናን፣ የልብ ሕመምን አትደብቁ። የልጆችን ዝቅተኛ ዕድሜና ውኃው ሲሞላ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። የምትፈርሙትን ወረቀት እንግሊዝኛ የሚቀለው ለሌላው ያስረዳ።

4. በአግባቡ ልበሱ። ጂንስና የጥጥ ልብስ ከረጠበ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሻላል። ከእግር የማይወልቅ ጫማ አድርጉ። ጣት በቀዝቃዛ ውኃ ስለሚቀጥን የጋብቻ ቀለበታችሁን ቤት ተዉት። የነፍስ አድን ጃኬቱ ከትከሻ ወደ ላይ ሲሳብ ከፍ የሚል ከሆነ አልጠበቀም ማለት ነው።

5. ስለ መውደቅ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ውኃው መውረጃ አቅጣጫ አንሥቶ ይንሳፈፍ እንጂ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ለመቆም አይሞክር፤ እግር በድንጋዮች መካከል ሊያዝ ይችላል። ባል ሚስቱ ወደቀች ብሎ ተከትሎ አይዝለል፤ ሚስትም እንዲሁ። ያን ጊዜ የፍቅር ሥራ በጀልባው ውስጥ ሆኖ የመሪውን ትእዛዝ መፈጸም ነው።

ከሁለት አንዱ “ዘንድሮ አልችልም” ቢልስ? ነቀፋ አይገባውም። ጀልባው በሚቆምበት ቦታ ምሳ ይዞ ሊጠብቅ ይችላል። ያ ቀን ለትዳራችሁ የሚጠቅመው ፍርሃቱን የተናገረው ሰው ሳይሳቅበት ወደ ቤቱ ከተመለሰ ነው። መልካም ጉዞ!