«ከሰል ይቅር» ማለት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም



በቅርቡ አስም ያለበት ልጇን ይዛ ለመጣች እናት ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ እንዲቀር ነገርኳት። «እሺ ዶክተር፣ ታዲያ በምን ላብስል?» አለችኝ። ቶሎ መልስ አልነበረኝም።

ይህ ጥያቄ አገርም ያስጨንቃል። ደቡብ አፍሪካ አብዛኛውን መብራቷን የምታገኘው ከድንጋይ ከሰል ሲሆን፣ ማመንጫዎቹ የሚበዙት በምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የአየር ቧንቧን ያስቆጣል፤ ደቃቁ ብናኝም ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ልብን ይጎዳል። በ2022 እ.ኤ.አ. የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአካባቢው የአየር ብክለት የነዋሪዎችን ሕገ መንግሥታዊ መብት ይጥሳል ሲል ወስኗል።

ስለዚህ እንደ ሐኪም «ይዘጉ» እላለሁ። ግን እንዴት?

በ1961 ሥራ የጀመረው የኮማቲ ማመንጫ በጥቅምት 2022 ተዘጋ። በቦታው የፀሐይና የነፋስ ኃይል ከነባትሪው እንዲተከል ታቀደ፤ የዓለም ባንክም 497 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። ይሁንና ሥራው የጠፋው ወዲያው ነው፤ ምትኩ ግን ዘገየ። ከሁሉም በላይ የተጎዱት የኮንትራት ሠራተኞችና ከእነሱ ኪስ የሚኖሩ ትናንሽ ነጋዴዎች ናቸው። በዚያ አካባቢ መብራት የሚወደድባቸው ድሆች ደግሞ ቤታቸው ውስጥ የድንጋይ ከሰል ያነዳሉ። ገቢ ሲጠፋ ጭሱ ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል ይገባል ማለት ነው።

እኛ ሐኪሞች ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደን ታካሚ በአንድ ቀን አናስቆምም፤ መጠኑን ደረጃ በደረጃ እንቀንሳለን። ይህ ግን ለማዘግየት ሰበብ አይደለም። የመቀነሻው ቀን ተቆርጦ ይጻፋል። ማመንጫም እንዲሁ ነው፤ ምትክ ሥራውና አቅምን ያገናዘበ መብራት ከመዝጊያው ቀን በፊት ይድረሱ።

የእኛ አገር መብራት በአብዛኛው ከውኃ ነው፤ የብዙዎቻችን ማጀት ግን ዛሬም በእንጨትና በከሰል ነው። ንጹሕ ማመንጫ ብቻውን ማጀትን አያነጻም። ምድጃውም፣ ዋጋውም፣ የማይቆራረጥ መብራቱም ያስፈልጋል።

እስከዚያው ግን፦
• ከሰል ውጭ ወይም አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ ይቀጣጠል፤ ልጆችም ይራቁ።
• ጭሱ ቢጠፋም ፍም ወደ መኝታ ክፍል አታስገቡ። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።
• ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስመለስ ከተሰማችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ወጥታችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

እናንተስ ከሰልን ለመተው ምን ከለከላችሁ? በኮሜንት ጻፉልኝ፤ ለሌሎች ወላጆችም ሼር አድርጉ።

ጤና ለሁላችን!