የጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበም በቤታችን

የቤተ ሰብን ሰላም ከሚያውኩት ነገሮች አንዱ የዘፈን ነገር ነው። ታላላቆች የልጆችን ዘፈን ጩኸት ነው ይሉታል፤ ልጆችም የታላላቆችን ዘፈን እንቅልፍ ያመጣል ይሉታል። በዛሬው ጽሑፋችን እንዲህ ያለ ክርክር በቤታችን ተነሥቶ ያስተማረንን እንነግራችኋለን።

ነገሩ የሆነው ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ባወጣበት ጊዜ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ነው። በእኛ ዘንድ እየተማረ ያድግ የነበረው የእኅታችን ልጅ አንድ ማታ ከመርካቶ ሲመለስ አልበሙን በሲዲ ይዞ ገባ። ከፍቶም ድምፁን ቢለቀው የኤሌክትሪክ ጊታሩና የከበሮው ኀይል ግድግዳውን አናወጠው። እኛም አንዱን ዘፈን እንኳ ሳንጨርስ፥ «ይህን የፈረንጅ ሁካታ አጥፋልን» ብለን አዘዝነው። ልጁም በትሕትና፥ «ጋሼ፥ እባክዎ እስከ መጨረሻው ይስሙትና ከዚያ በኋላ ይፍረዱ» አለን። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምንኖር ሰዎች ነንና፥ ተከሳሹን ሳይሰሙ መፍረድ ነውር መሆኑን ከልጅ አፍ ሰምተን አፈርን፤ ተቀመጥንም።

በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ለይተን ተምረናል፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በሃርሞኒየም መዘመር ለምደናል። ጆሮ አለን ብለን እንመካ ነበር። ነገር ግን ምሥጢሩን ቀድማ ያገኘችው ከማድ ቤት ሆና ታዳምጥ የነበረችው የቤታችን እመቤት ናት። እርስዋም፥ «ይህ እኮ የአገራችን ቅኝት ነው፤ ልብሱ ተለወጠ እንጂ ሰውዬው ያው ነው» አለች። ልብ ብለን ብንሰማው እውነትዋን ሆነ። በጊታሩ ጩኸት ሥር ከልጅነታችን ጀምሮ በሠርግና በበዓል የምናውቀው የአገር ዜማ ይሄድ ነበር።

ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ጃኖ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው፥ በቀድሞ ዘመን መኳንንት ይለብሱት የነበረ የክብር ሸማ ነው። ኤርታሌ ደግሞ በአፋር ምድር ያለ፥ እሳት ሲፈላበት የኖረ ተራራ ነው። ሮክ የተባለውን የባሕር ማዶ ሙዚቃ ጃኖ አለበሱት፤ ከአገር እሳትም አሞቁት ማለት ነው።

በባዕድ መሣሪያ የአገርን ዜማ መጫወትም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በ1916 ዓ.ም.ም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ «ዐርባ ልጆች» የተባሉትን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም አምጥተው የነሐስ ሙዚቃ በከተማችን አስፋፍተዋል። ያን ጊዜ እንግዳ የነበረው መለከት ዛሬ የአባቶቻችን ትዝታ ሆኗል።

እንግዲህ በዘፈኑ ታርቀን ሳለን ሌላ ነገር ተነሣ። እነዚህ ልጆች እነማን እንደ ሆኑ እናንብብ ብለን ሽፋኑን ብናነሣው፥ ቀለሙ የደበዘዘ፥ የሠራተኞቹም ስም የሌለበት ወረቀት ሆኖ አገኘነው። «ከየት ገዛኸው?» ብንለው፥ «ከአዟሪ ነው፤ ኮፒ ነው፤ የኦሪጅናሉ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» አለ።

እኛም ተቈጣን። የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 በወጣበት ቃል፥ ሆነ ብሎ ይህን መብት የሚጥስ ሰው ከ5 ዓመት እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ የሚያዝዝ መሆኑን፥ መዝገብ እንደምናነብ ሆነን ዘረዘርንለት። ልጁ ዝም ብሎ ካዳመጠን በኋላ ዐይኑን ወደ ቁም ሣጥናችን መለሰ። በዚያ ውስጥ ከወጣትነታችን ጀምረን ያከማቸነው የካሴት ሣጥን አለ፤ ከግማሽ የሚበልጠውም ከጓደኛ የተገለበጠ ነበር። ልጁ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ እኛም ንግግራችንን አቋረጥን።

በሚከተለው ቅዳሜ ሁለታችን አብረን ወደ መርካቶ ወረድን፤ ኦሪጅናሉንም ገዛን። በእርሱም የአራቱን ድምፃውያን፥ የዲበኩሉ ታፈሰን፣ የኃይሉ አመርጋን፣ የሃሌሉያ ተክለጻድቅንና የሔዋን ገብረወልድን ነገር ልጁ አጫወተን። አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው ቀደም ሲል ከእጅጋየሁ ሽባባው ጋር የሠራው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል መሆኑንም ነገረን። በአንድ ሲዲ ውስጥ የስንት ሰው ድካም እንዳለ ያን ቀን አሰብን።

ለወጣት የሙዚቃ ጓድ የመጀመሪያ አልበም ማለት ለገበሬ ለዘር እንደ ተቀመጠ እህል ነው። ዘሩን ጎረቤት በየዕለቱ እየዘገነ ቢበላው፥ በሚመጣው ክረምት የሚዘራ አይገኝም። ከዚያም ሁላችን፥ «ዘፋኞቻችን ምን ነካቸው? ለምን ዝም አሉ?» እያልን እንጠይቃለን።

ስለ ካሴቱ ሣጥን የሚጠይቀን ቢኖር እውነቱን እንናገራለን። በየበዓሉ አንድ አንድ ኦሪጅናል እየገዛን መተካት ጀመርን፤ ነገር ግን ሁሉን ለመተካት እስከ ዛሬ አልደረስንም። ከዘፋኞቹም ክፍያችንን ሳይቀበሉ ያረፉ አሉ። ይህ ዕዳ በእኛ ላይ ይቀራል።

ዛሬ ልጆቻችን ሲዲውን ትተው ዘፈኑን በስልካቸው ይቀባበሉታል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ስለዚህ የምንመክራችሁ፥ ልጃችሁ አዲስ ዘፈን ይዞ ሲገባ አስቀድማችሁ እስከ መጨረሻው ስሙት። ደስ ካላችሁም ዋጋው ለባለቤቱ እንዲደርስ ለልጁ ገንዘብ ስጡት። ልጁን ከመገሠጻችሁ በፊት ግን የራሳችሁን ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ተመልከቱ።