የማኅበሩን ማኅደር የሚጠብቀው ማን ነው?

ባሕር ዳር፦ የመኸር እርሻ ሲቃረብ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስለ አቅርቦቱ መዘግየት በስፋት ይነገራል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ ትርፍ ክፍፍል ይሆናል። በሁለቱም ጉዳዮች ውስጥ ስሙ የማይነሣ አንድ ሠራተኛ አለ። አርሶ አደሩ የፈረመበትን የብድር ውል፣ ለማኅበሩ ያስረከበውን እህል ደረሰኝ፣ የአባላት መዝገቡንና የጉባኤውን ቃለ ጉባኤ የሚያስቀምጠው እርሱ ነው። የሥራ መደቡ «የሪከርድና ማኅደር ሠራተኛ» ይባላል፤ በተለምዶ ግን ሰዎች በሥራ ቦታው «መዝገብ ቤት» እያሉ ይጠሩታል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ቤት ቢያንስ የታወቀ የሥራ መደብና ደረጃ አለው። በዩኒየኖች፣ በመሠረታዊ ማኅበራት፣ በፋብሪካዎችና በንግድ ድርጅቶች ዘንድ ግን ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ ሙያ ተብሎ አይቆጠርም። የዚህ ትንታኔ ጥያቄም ይኸው ነው፤ የአርሶ አደሩ ገንዘብ በወረቀት ላይ የቆመ ከሆነ ወረቀቱን የሚጠብቀው ሰው ለምን ያለ ሙያና ያለ እድገት ይቀራል?

ወረቀቱ ራሱ ገንዘብ ነው

በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 ማኅበራት የአባላታቸውን መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤያቸውንና ሒሳባቸውን እንዲይዙ ይጠይቃል። ትርፍ የሚከፋፈለውም በሁለት መሠረት ነው፤ አንዱ አባሉ የገዛው ዕጣ ብዛት፣ ሌላው አባሉ በዓመቱ ውስጥ ከማኅበሩ ጋር ያደረገው ግብይት መጠን። ዕጣው በአባላት መዝገብ፣ ግብይቱ ደግሞ በደረሰኝ ይረጋገጣል።

ለምሳሌ ሁለት አርሶ አደሮች እያንዳንዳቸው 20 ኩንታል በቆሎ ለማኅበራቸው አስረከቡ እንበል። ያንዱ ደረሰኝ በቁጥሩ ተሰክቶ ተቀምጧል፤ የሌላው ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። ክፍፍሉ ሲሰላ ላባቸው እኩል የነበረው ሁለቱ ሰዎች እኩል አይከፈላቸውም። ሁለተኛውን የዘረፈው ሰው የለም። ድርሻውን ያሳጣው የተዝረከረከ መደርደሪያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለዲፕሎማ ትምህርት የተግባር ልምምድ በወጣችበት ዓመት እንዲህ ያለውን ነገር በዓይኗ አይታለች። በአንድ መሠረታዊ ማኅበር መጋዘን የአባላት መዝገቡ ከማዳበሪያ ጆንያ ሥር ተቀምጦ ግማሹን ምስጥ በልቶት ነበር። አንዲት ሴት የሟች አባቷን ዕጣ ለመውረስ መጥታ የአባቷ ስም የነበረበት ገጽ አልተገኘም። ጎረቤቶች ቆመው ቢመሰክሩላትም ስንት ዕጣ እንደነበረው በቁጥር ሊናገር የቻለ ሰው ግን አልነበረም።

አደጋው ከዕጣም በላይ እየሰፋ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 አርሶ አደሩ በመሬት የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ በር ከፍቷል። ይህ ለብድር ፈላጊው መልካም ዜና ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላ በአበዳሪው ተቋም ማኅደር ውስጥ የሚቀመጠው የብድር ማመልከቻ ብቻ አይሆንም፤ የቤተሰቡን መሬት የሚመለከት ማስረጃም አብሮ ይቀመጣል። ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ የመክፈያ ማረጋገጫው ካልተገኘ የሚጨነቀው ባንኩ ሳይሆን ባለመሬቱ ነው።

ማን ይሠራዋል? ወዴትስ ያድጋል?

በየማስታወቂያ ሰሌዳው የሚለጠፉ ክፍት የሥራ መደቦችን የተከታተለ ሰው የሠራተኛውን መልክ መገመት አይቸግረውም። በትልልቅ ድርጅቶች ለመዝገብ ቤት የሚፈለገው በአብዛኛው በጽሕፈትና በቢሮ አስተዳደር የሠለጠነ ሰው ነው። ደብዳቤ መቀበል፣ ቁጥር መስጠት፣ ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ፖስታ ማድረስ አብረው ይሰጡታል። ሥራውን የሚይዙት ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው። በዚህም ኢትዮጵያ ብቻዋን አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በተካሄደ የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ቆጠራ ከአሥሩ ከስድስት የሚበልጡት ሴቶች ሆነው ተገኝተዋል።

ወደ መሠረታዊ ማኅበራት ሲወረድ መደቡ ጨርሶ ይጠፋል። ሒሳብ ሠራተኛው፣ ገንዘብ ያዡ ወይም የተመረጠው ጸሐፊ ሰነዱን ከሌላው ሥራው ጋር ደርቦ ይይዛል። ጸሐፊው የምርጫ ዘመኑ ሲያበቃ ቁልፉን ያስረክባል፤ የቱ ሰነድ የት እንዳለ የሚያውቀው ግን በጭንቅላቱ ነውና ዕውቀቱን ይዞት ይሄዳል። በከተማው ነጋዴ ዘንድ ደግሞ ሰነዱን የሚይዘው የቤተሰብ አባል ወይም ግብር በደረሰ ጊዜ በኮንትራት የሚመጣ የሒሳብ ባለሙያ ነው።

በቢሮ ቋንቋችን «ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረ» ሲባል ቅጣት የሚመስለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከአለቃው ጋር ያልተስማማ፣ የታመመ ወይም ጡረታው የቀረበ ሠራተኛ የሚመደብበት ክፍል ተደርጎ ይታያል። ለወጣቱ መሰላሉ አጭር ነው፤ ከሠራተኛነት ወደ ክፍል ኃላፊነት ካደገ በኋላ የሚረግጠው ደረጃ የለም። ስለዚህ የተሻለው ሠራተኛ ወደ ሒሳብ፣ ወደ ግዢ ወይም ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ይሸሻል። ክፍሉም ልምድ ባገኘ ቁጥር ልምዱን ያጣል።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። የቱ ሰነድ በየዕለቱ እንደሚፈለግ፣ የቱ ወደ ጎን ተቀምጦ መቆየት እንዳለበት፣ የቱ ጊዜው አልፎ በሕግ አግባብ እንደሚወገድ፣ የቱስ ለዘለዓለም እንደሚጠበቅ መለየት ይጠይቃል። ይህን ለመወሰን ሕግን፣ ሒሳብንና የድርጅቱን ሥራ ማወቅ ግድ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የመረጃ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ከዚያ ደረጃ የወጣ ባለሙያ ግን በጣና ዳር ወዳለ የገበሬዎች ማኅበር የሚመጣበት ደመወዝም መደብም የለም።

አደራው አዲስ አይደለም

ሰነድ መጠበቅ ለዚህ አካባቢ እንግዳ ሥራ አይደለም። የጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍታቸውን በጦርነትና በእሳት ዘመን ሁሉ ጠብቀው እዚህ አድርሰዋል። በጎንደር ዘመን በተለይም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይመዘገብ ነበር። ጉዳዩ የመሬት ግብይት፣ ጠባቂውም የታወቀና የተከበረ ሰው ነበር። ዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን የመሬት ገበያ ሊያጠኑ የቻሉት በእነዚያ ማስታወሻዎች ነው።

በዘመናዊው ኢንዱስትሪም ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የጀርመኑ ክሩፕ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ሲመንስ ደግሞ በ1907 የራሳቸውን ቤተ መዛግብት አቋቁመዋል። ዓላማው ታሪክን ማስዋብ ብቻ አልነበረም፤ ውል፣ ንድፍና የባለቤትነት ማስረጃ ሲፈለግ እንዲገኝ ነው።

የኛም ሀገር ታሪክ ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥቷል። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ፋብሪካዎችና የከተማ ቤቶች ሲወረሱ ሰነዶችም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንብረታችን ያለ አግባብ ተወስዷል ያሉ ወገኖች ጥያቄ ሲያቀርቡ ክርክሩ የዞረው በወረቀት ዙሪያ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በወሎና በሰሜን ሸዋ ጦርነቱ በደረሰባቸው አካባቢዎች ብዙ ተቋማት ከንብረታቸው ጋር ሰነዳቸውንም አጥተዋል። የተሰበረ በር በወራት ውስጥ ይጠገናል፤ ቅጂ ያልተቀመጠለት መዝገብ ግን አይመለስም።

ሐይቁ ራሱም ምስክር ነው። በጣና የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከገባ በኋላ ነጭ ዓሣ እየተባሉ የሚጠሩት የሐይቁ ብርቅ ዝርያዎች እጅጉን መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ይህን ሊያሳዩ የቻሉት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተያዘውን የማስገር መረጃ በ2001 ከተገኘው ጋር በማነጻጸር ነው። የቀደመው ቁጥር ባይቀመጥ ኖሮ የአስጋሪው ስሞታ እንደ ተራ ወሬ በቀረ ነበር።

ሕጉ የት ድረስ ይደርሳል?

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179 ትኩረቱ በዋናነት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ነው። የንግድ ድርጅቶችን የሚመለከተው ግዴታ በንግድና በግብር ሕጎች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነጋዴው የሒሳብ መዝገቡን ለ10 ዓመት እንዲያቆይ ያዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የተተካው አዲሱ የንግድ ሕግም የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታን አልተወም።

የእነዚህ ሕጎች ዓይን ግን ያረፈው በግብርና በአበዳሪ ላይ ነው። የአባሉ ዕጣ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ከአባት ወደ ልጅም ይተላለፋል። ስለዚህ የሒሳብ ደረሰኝ የሚወገድበት ጊዜ ቢደርስ እንኳ የአባላት መዝገብ፣ መተዳደሪያ ደንብና ቃለ ጉባኤ አብረው እንዲወገዱ መፍቀድ ስሕተት ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሠራተኛ በሌለበት ክፍሉን ለማጽዳት የተነሣ ሰው ሁሉንም በአንድ ላይ ያቃጥለዋል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሌላ ኃላፊነት ጨምሯል። የአርሶ አደሩ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ፣ የዕዳ መጠንና የቤተሰብ ሁኔታ ማንም እንዳሻው የሚገልጠው ወረቀት መሆኑ ቀርቷል። ማኅደሩን የሚከፍተው ማን ነው፣ ለማንስ ይሰጣል የሚለው ጥያቄ አሁን የሕግ ጥያቄ ነው።

ኮምፒውተር ይተካዋልን?

«ሁሉም ዲጂታል እየሆነ ነው፤ መዝገብ ቤት ምን ያደርጋል?» የሚል ክርክር ይሰማል። ክርክሩ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ወደ ፀደይ ባንክነት ተሸጋግሯል፤ የገጠር ደንበኞች ሒሳብ ከእጅ ጽሑፍ ደብተር ወደ ኮምፒውተር እየዞረ ነው።

ሆኖም ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው የተሰጠውን ነው። ያልተለየ ክምር በስካነር ቢነሣ የሚገኘው ያልተለየ የምስል ክምር ነው። የአንድ ሰው ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ከተመዘገበ ማሽኑ ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» አንድ ሰው መሆናቸውን ከአባት ስምና ከቀበሌ ጋር አመሳክሮ የሚያውቀው የማኅደር ሠራተኛው ነው። የመብራት መቆራረጥና የኮምፒውተር ቫይረስ ሲጨመሩ ደግሞ አንድ ቅጂ ብቻ መያዝ ቀድሞ ከነበረው አደጋ አይለይም። በፎገራና በደምቢያ ሜዳዎች የክረምት ጎርፍ፣ በሐይቁ ዳር እርጥበትና ሻጋታ፣ በቆላው ምስጥ ለወረቀቱ ጠላቶች ናቸው። ዲጂታል ሥራ የጠባቂውን ሙያ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም።

ምን ይደረግ?

ትንንሽ ማኅበራት ለሰነድ ባለሙያ ደመወዝ የሚሆን አቅም የለንም ማለታቸው እውነት ነው። ደመወዙ ከትርፉ ላይ ይቀነሳልና አባሉም ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መፍትሔው ግን በመዋቅሩ ውስጥ አለ። መሠረታዊ ማኅበራት ዩኒየን የመሠረቱት ብቻቸውን የማይችሉትን በጋራ ለመቻል ነው። መቀመጫውን ባሕር ዳር ያደረገው መርከብን የመሰሉ ዩኒየኖች ማዳበሪያን በጅምላ እንደሚያቀርቡ ሁሉ፣ አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ቀጥረው የአባል ማኅበራትን ሰነድ በዙር እንዲያደራጅና ጸሐፊዎችን እንዲያሠለጥን ማድረግ ይችላሉ። ወጪው ለብዙ ማኅበራት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ቀላል ይሆናል፤ ለሠራተኛውም ከቀበሌ ጸሐፊነት እስከ ዩኒየን ባለሙያነት የሚወጣበት መሰላል ይፈጥርለታል።

የግብርናና የቴክኒክ ኮሌጆችም የኅብረት ሥራ ተማሪዎችን የሒሳብ አያያዝ ሲያስተምሩ የሰነድ አያያዝን ራሱን የቻለ ትምህርት ቢያደርጉት ተመራቂው ሁለት ሙያ ይዞ ይወጣል። ኦዲተሮች ደግሞ ሒሳቡ መመጣጠኑን ብቻ ሳይሆን ሰነዱ በተፈለገ ጊዜ መገኘቱንም ቢመዝኑ አመራሩ ለክፍሉ ትኩረት ይሰጣል።

አባሉ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይበቃል፤ የአባላት መዝገቡ የት ነው የተቀመጠው? ሁለተኛ ቅጂ አለውን? ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ቢለቅ ማን ይተካዋል? የራሱን ደረሰኝም በላስቲክ ጠቅልሎ ከይዞታ ደብተሩ ጋር ያስቀምጥ። ጎተራውን ከነቀዝ የሚጠብቅ ገበሬ፣ እህሉን ማስረከቡን የሚመሰክርለትን ወረቀት ከምስጥ እንዲጠበቅለት የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።