ከድልድይ በታች ያለው መሬት የማን ነው?

በሐምሌ ወር አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ከስታዲዮም ወደ ለገሐር በእግራችን ስንጓዝ ዝናብ ያዘን። የአዲስ አበባ የሐምሌ ዝናብ መቼም ቀጠሮ አይሰጥም። ሰማዩ ጠቆር አለ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ወረደ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ይህን ከተማ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ጃንጥላ የያዘውም ያልያዘውም እኩል ሮጠ። የሮጠውም ወደ ሱቅ በረንዳ ሳይሆን ወደ ቀላሉ ባቡር ድልድይ ሥር ነበር። እኛም ሮጠን ገባን።

ለግማሽ ሰዓት ያህል እዚያ ቆመን ያየነውን ለመናገር ነው ዛሬ ብዕር ያነሣነው። ተማሪው ከነደብተሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው ከነከረባቱ፣ ሽንኩርት በዘንቢል የያዙ እናት፣ አንድ ሊስትሮ ከነሣጥኑ፣ ሁሉም ባንድ ጣራ ሥር ተሰበሰበ። ጥቂት እንደቆየን ሊስትሮው የባለ ከረባቱን ጫማ ይጠርግ ጀመር። አንዲት ሴት ከየት እንዳመጡት ሳናይ ፔርሙዝ ከፍተው ሻይ ይቀዱ ጀመር። ከወዲያ ማዶ ሁለት ልጆች ከጨርቅ የተሠራች ኳስ በምሰሶ ላይ እያነጠሩ ይጫወታሉ። ኧረ ለመሆኑ በከተማችን ውስጥ ያለ መግቢያ ዋጋና ያለ ዘበኛ ሰውን ሁሉ እንዲህ የሚያሰባስብ ስንት አዳራሽ አለ?

ሽታው ግን! ስለ ሽታው አብዝተን ብንጽፍ የእሑድ ቁርሳችሁን እናበላሽባችኋለን። በአንዱ ምሰሶ ላይ በቀይ ቀለም «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ ከታች በኩል ታጥቦ ደብዝዟል። በምን እንደታጠበ አንባቢ ራሱ ይገምት።

ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም በየፊናው ተበተነ፤ ቦታውም ተመልሶ የማንም ያልሆነ ቦታ ሆነ። እንግዲህ ጥያቄያችን የተወለደው በዚያች ሰዓት ነው።

ቀላሉ ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። ሁለቱ መስመሮች ባንድነት ሲለኩ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ፤ ጣቢያዎቹም 39 ናቸው። ከስታዲዮም በለገሐርና በሜክሲኮ አድርጎ እስከ ልደታ ድረስ ሁለቱ መስመሮች ባንድ ድልድይ ላይ ተጋርተው ያልፋሉ። ስለ ባቡሩ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ብድሩ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ መጨናነቁ። ከበላይ ስለሚያልፈው ነገር ይህን ያህል ሲወራ፣ ከበታች ስለ ቀረው መሬት የተናገረ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። መሐንዲሱ ድልድይ ሲነድፍ የሚጨነቀው ስለ ክብደቱ፣ ስለ ምሰሶው መሠረትና ስለ ውሃ መውረጃው ነው፤ ሊጨነቅም ይገባዋል። የታችኛው መሬት በንድፉ ወረቀት ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነጭ ሆኖ የቀረውንም ከተማው እንዳገኘ ይሞላዋል፤ በቆሻሻ፣ በተሰበረ መኪና፣ ማደሪያ ባጣ ሰው። በቀለበት መንገድ ላይ ያሉት ማሳለጫዎችም ታሪካቸው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ሦስት መሥሪያ ቤቶች ሄደን ነበር። ሁሉም በትሕትና ስለ ተቀበሉን ስማቸውን አንጠራም። የመጀመሪያው «ምሰሶው የእኛ ነው፤ መሬቱ ግን እኛን አይመለከትም» አለን። ሁለተኛው «መሬቱ እኛን ይመለከታል፤ ነገር ግን ድልድይ ስላለበት ልንነካው አንችልም» አለን። ሦስተኛው ደግሞ «እኛ ማጽዳት እንጂ መወሰን አንችልም፤ ለማጽዳትም ደብዳቤ ያስፈልገናል» ሲል መለሰ። ደብዳቤውን ማን ይጽፍላችኋል ብንል ወደ መጀመሪያው መሥሪያ ቤት መራን። በዚህ ለመሳቅ አልደፈርንም። ከኛ ጋር ባንድ ክፍል የተማሩ ብዙ ወዳጆቻችን ዛሬ በእንዲህ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋልና፤ እኛም ተቀምጠንበት ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ መልስ መስጠታችንን እንጃ።

የሆነ ሆኖ ዝም ተብሎ አይቀርም። አንድ ቀን ትእዛዝ ይወጣና አጥር ይታጠራል። አጥር በእኛ አገር የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው፤ ታዲያ ባለቤት የሌለው ቦታ ቢታጠር አጥሩን የማይነቀንቀው ማን ነው? በጥቂት ወር ውስጥ ቆርቆሮው ባንድ ወገን ተላቆ መግቢያ ይሆናል፤ ከውስጥ የሚደረገውንም ከእንግዲህ የሚያየው አይኖርም።

አጥር ለድልድዩ ደኅንነት ነው የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ ቁም ነገር ያለው ስለሆነ በቁም ነገር እንመልስለት። እ.ኤ.አ. በማርች 30 ቀን 2017 በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ፣ ኢንተርስቴት 85 በሚባለው አውራ ጎዳና ድልድይ ሥር እሳት ተነሥቶ የድልድዩ አንዱ ክፍል ተደረመሰ። ሰው አልሞተም፤ መንገዱ ግን ስድስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ቆየ። የነደደውም ምን ነበር? በአጥር በተከለለው በዚያ ቦታ የመንገዱ መሥሪያ ቤት ራሱ ያከማቸው የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። በኖቬምበር 2023 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ከተማ ከአውራ ጎዳና በታች ለዕቃ ማከማቻ በተከራየ ቦታ ላይ እሳት ተነሥቶ፣ ስንት ሺህ መኪና የሚተላለፍበት መንገድ ስምንት ቀን ያህል ተዘጋ። ከነዚህ ከሁለቱ የምንማረው ነገር ቢኖር፣ የተዘጋ ቦታ ባዶ ሆኖ እንደማይቀርና መጋዘን እንደሚሆን ነው። ሻይ የምትቀዳው ሴት ከዚያ ብትኖር ኖሮ የጭሱን ሽታ ከማንም ቀድማ ባወቀች ነበር።

አሁን ደግሞ ከቶ ልንዘነጋው ያልቻልነውን አንድ ታሪክ እንናገር፤ በተለይ ተማሪዎች ብትሰሙት ደስ ይለናል። በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲዬጎ ከተማ፣ ባሪዮ ሎጋን የሚሉት ሠፈር አለ፤ ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ከሜክሲኮ ዘር የመጡ ናቸው። በ1960ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. አውራ ጎዳና መጥቶ ሠፈሩን ለሁለት ከፈለው። ያ ሳይበቃ በ1969 የኮሮናዶ ድልድይ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ትላልቆቹ ምሰሶዎች ቀድሞ ቤት በነበረበት መሬት ላይ ቆሙ። ለሕዝቡም ከድልድዩ በታች መናፈሻ ይሰጣችኋል የሚል ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። ኤፕሪል 22 ቀን 1970 ማሪዮ ሶሊስ የሚባል የኮሌጅ ተማሪ በዚያ ሲያልፍ ቡልዶዘር መሬቱን ሲደለድል አየ። ምን ልትሠሩ ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ጣቢያ እንደሚሠራበት ተነገረው። እሱም ሮጦ ወደ ኮሌጁ ሄዶ ያየውን ተናገረ። ተማሪው፣ እናቱ፣ ሽማግሌው ወጥቶ እጅ ለእጅ ተያይዞ በመሣሪያው ፊት ቆመ። ዐሥራ ሁለት ቀን ከቦታው አልተነሡም፤ በነዚያም ቀናት ዶማና አካፋ ይዘው ቁልቋልና አበባ ይተክሉ ነበር። በመጨረሻ መሬቱ ለመናፈሻ እንዲሆን ከመንግሥት ጋር ስምምነት ተደረገ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነው። ሳልቫዶር ቶሬስ የሚባል የሠፈሩ ሠዓሊ በምሰሶዎቹ ላይ ሥዕል ይሣል የሚል አሳብ ነበረው። ከ1973 ጀምሮ ሥዕሉ ተጀመረ። ያ ሠፈር የከፈለው ኮንክሪት የሠፈሩ የታሪክ መጽሐፍ ሆነ። ዛሬ ቺካኖ ፓርክ ይባላል፤ በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ አድርጎ መዝግቦታል። ኮንክሪቱን ያየ ሁሉ ያንኑ ኮንክሪት ነው የሚያየው፤ ባለቤቱ ግን ታውቋል።

በሆላንድ አገር ከአምስተርዳም ብዙ በማይርቅ ኮህ አን ደ ዛን በሚባል ስፍራ የተደረገው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ትግል በሰላም የተገኘ ነው። እዚያም ኤ8 የሚሉት አውራ ጎዳና ከተማዪቱን ለሁለት ከፍሏት ነበር። ከበታቹ ሰባት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ትልቅ ጨለማ ቦታ ለሠላሳ ዓመት ያህል ያለ ሥራ ኖረ። ማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነዋሪዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶቹ የምግብ መደብር፣ ዓሣ መሸጫ፣ አበባ መሸጫ፣ ለወጣቶች መጫወቻና የመኪና ማቆሚያ ሠሩበት። በ2006 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ለሕዝብ ቦታዎች ከሚሰጠው ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በጣም የወደድነው ዓሣ ሻጩ በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን ነው። ብዙ ጊዜ የከተማ ማስዋብ ሥራ ሲነደፍ የመጀመሪያው ተባራሪ ዓሣ ሻጭ ነውና።

የሰው አገር ነገር እንዳለ ተነቅሎ ይተከል አንልም። የእኛ ከተማ የራሷ ጠባይ አላት። ለምሳሌ ሣርን እንውሰድ። ሹም ሆይ፣ ባዶ ቦታ ባዩ ጊዜ ቶሎ ወደ አሳብዎ የሚመጣው ሣርና አበባ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ከድልድይ በታች ዝናብ አይደርስም፤ ለዚያም ነው እኛ የተጠለልነው! ፀሐይም ከጫፍና ከጫፍ ካልሆነ በቀር አይገባም። ሣሩ በተመረቀ በሁለተኛው ወር ገለባ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሣሩን አትርገጡ የሚል ሰሌዳ ብቻ ይቀራል። ይህን ለመትከል የሚወጣው ገንዘብ ለድንጋይ ንጣፍ፣ ለመብራት፣ ለውሃ ቧንቧና ለሽንት ቤት ቢሆን ምን ይላሉ? ከላይ በክረምት የሚወርደው ውሃ በበርሜል ቢጠራቀም ለማጽጃ ይሆናል። ሽንት ቤት በሌለበት «ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ ቀለም ማባከን መሆኑን ያ ምሰሶ መስክሯል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ የእግረኛው መንገድ ምን ያህል እንደ ሰፋ፣ መብራቱም ምን ያህል እንደ በዛ ያላየ የለም። እኛም በሰፊው መንገድ ላይ ስንሄድ ደስ ይለናል። ነገር ግን መንገዱ ባማረ ቁጥር ሊስትሮውና ጀበና ይዛ የምትቀመጠው ሴት የት ይሁኑ የሚለው ጥያቄ እየጠነከረ ይሄዳል። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሣጥኑን አንሥቶ የሚሮጠውን ልጅ አይተናል፤ የሚሮጠውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ድልድይ ሥር ነው። ታዲያ ከተማው ራሱ ቦታውን አመልክቶናል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሊስትሮ የሚቆለፍ ሣጥን ማኖሪያ፣ ለቡና ሻጮች በቁጥር የታወቀ መደብ በትንሽ ኪራይ ይሰጥ፤ ኪራዩም ለጽዳቱና ለአምፑሉ ይዋል። ምሰሶውን መሐንዲስ በየጊዜው ሊመረምረው ስለሚገባ፣ ከምሰሶው ራቅ ተብሎ የሚነሣና የሚቀመጥ ነገር ብቻ ይደረግበት፤ የሚነድ ነገር ፈጽሞ አይከማችበት። በአንዱ ወገን የጠረጴዛ ቴኒስና ጆተኒ፣ በሌላው ወገን ጥሩ መብራት ያለበት ረዥም የድንጋይ አግዳሚ ቢኖር፣ ዛሬ በመንገድ መብራት ሥር ቆሞ የሚያጠናው ተማሪ ተቀምጦ ያጠናል።

ስለሚያድሩበት ሰዎች ምንም ሳንል ብናልፍ ግን ውሸት ይሆንብናል። አግዳሚ ወንበሩን ሰው እንዳይተኛበት መካከሉ ላይ ብረት መትከል በብዙ አገር ተለምዷል። ይህ ዘዴ ሰውየውን ከዚህኛው ድልድይ ወደ ሚቀጥለው ድልድይ ያሻግረዋል፤ ሌላ የሚሠራው ሥራ የለም። መናፈሻ ማደሪያን አይተካም፤ ይህን የሚለን ካለ አናምነውም። በበኩላችን የምንጠይቀው፣ ቦታው ከመታደሱ በፊት እዚያ የሚያድሩት ተቆጥረውና ተጠይቀው የሚሄዱበት ስፍራ እንዲታወቅ፣ ሥራውም በማባረር እንዳይጀመር ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዱ የትምህርት ቤት ወዳጃችን፣ ቀደም ሲል ከጠቀስናቸው ከሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ባንዱ የሚሠራ ነው፣ ይህን ሁሉ አዳምጦ ሲያበቃ «እንግዲያው ፋይል ልክፈት» አለን። ባዶ ፋይል አወጣና ብዕሩን ይዞ ቀና ብሎ ተመለከተን። «አርእስቱ ምን ይባል? መንገድ አይደለም፣ ሕንጻ አይደለም፣ መናፈሻም አይደለም፤ በእኛ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለ። ጥቂት ካሰብን በኋላ «ከድልድይ በታች» ብለህ ጻፍ አልነው። ጻፈውና ቁጥር ሰጠው፤ ያንን መሬት ለካው ላኩልኝ ሲልም ሰኞ ከሥራ በኋላ ሜትር ይዘን ልንሄድ ተስማማን። ሊስትሮውም የሜትሩን ጫፍ ሊይዝልን ቃል ገብቷል።