ተሕኒክን ለስኳር ውሃ ምስክር አታድርጉት



አይከል ከተማም ሆነ ወጣ ባሉት የጭልጋ ቀበሌዎች ልጅ ሲወለድ የሚደረገውን የማያውቅ የለም። ጡት ከመያዙ በፊት ቅቤ እንዲውጥ ይደረጋል፤ ቅቤ ከሌለ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ በማንኪያ ይሰጠዋል። ቢጫው የመጀመሪያ ወተት፣ እንገሩ፣ «የቆሸሸ ነው፣ ሆድ ያሳምማል» ተብሎ መሬት ላይ ይታለባል። ልማዱ ከድሮው ቀንሷል፣ አልጠፋም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ተዉ» ስትል ደግሞ ከእኛ ወገን የሚሰጣት መልስ አለ፦ «ይሄማ ሱናችን ነው፤ ተሕኒክ ነው።» ይህን የምጽፈው ለዚህች መልስ ነው።

ተሕኒክ ሱና ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። አስማእ ቢንት አቢበክር (ረ.ዐ.) ተሰዳ ቁባእ ላይ ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይርን ስትወልድ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይዛው ሄደች፤ እርሳቸውም ተምር አኝከው ላንቃውን ቀቡት፣ ዱዓም አደረጉለት። ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። የተደረገው ይኸው ነው። ማንኪያው የት አለ? ቀን ሙሉ ጡት መከልከሉስ? እንገር መድፋት በየትኛው ሐዲስ ተገኘ? ላንቃ መቀባትና ሆድ መሙላት አንድ ነው የሚል ሰው ማስረጃውን ያምጣ። (ተምር ሲታጣ ማር የምትቀቡ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ፤ ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማር አይሰጥም። ውስጡ ሊኖር የሚችል አንድ ባክቴሪያ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ያመርታል።)

ቅቤውንስ ከመዲና አላመጣነውም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ተሕኒክ የሚባል ነገር ሳያውቁ ለልጆቻቸው ቅቤ ያስውጣሉ። ያገር ልማድ ነው እንጂ ዲን አይደለም። ልማድ ከሆነ ደግሞ ጥቅምና ጉዳቱ ይመዘናል።

እንመዝነው። በእናት ወተት ውስጥ ከውሃው ሌላ በብዛት አንደኛው ላክቶስ የሚባለው ስኳር ነው፣ ሁለተኛው ቅባት። ሦስተኛው ኦሊጎሳካራይድ ይባላል፤ ትናንሽ ስኳሮች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። እስካሁን ከ150 በላይ ዓይነት ተለይቷል። የሚገርመው፣ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው አይችልም። ሰንሰለቱን የሚቆርጥ ኢንዛይም አንጀቱ ውስጥ የለም። ታዲያ ደም የፈሰሳት፣ እንቅልፍ ያጣች አራስ ከራሷ ጉልበት ቀንሳ ልጇ የማይፈጨውን ምግብ ለምን ትሠራለች? የአላህ ሥራ ከንቱ የለበትም ብለን የምናምን ሰዎች ይህን ጥያቄ ቀድመን መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን።

ምግቡ የተሠራው ለባክቴሪያ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ቲሲየር የተባለ የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ጡት በሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ባላ መስሎ ሁለት ቦታ የተከፈለ ባክቴሪያ አገኘ። ዛሬ ቢፊዶባክቴሪየም ይባላል። ከዚህ ወገን ኢንፋንቲስ የሚባለው ዝርያ እነዚያን ሰንሰለቶች እየለቀመ ይበላል፤ ሲበላም አንጀቱን ያኮመጥጠዋል፣ እርሾ ሊጡን እንደሚያኮመጥጠው ማለት ነው። በኮመጠጠ አንጀት ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጡ ብዙ ጀርሞች አይመቻቸውም። ከሰንሰለቶቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ማታለያ ናቸው፤ ጀርሙ የአንጀቱን ግድግዳ የያዘ መስሎት እነርሱን ይዞ ከሰገራ ጋር ይወጣል። እነዚህ ስኳሮች በብዛት ያሉት የት ነው ብትሉ፣ እንገሩ ውስጥ። በሊትር 20 ግራምና ከዚያም በላይ። መሬት ላይ የምናልበው ይህን ነው።

የሱቁ ስኳር ይህን አይሠራም። ልጁ ራሱ ላይኛው አንጀት ላይ ይመጠዋል፤ ለታችኞቹ ባክቴሪያዎች የሚተርፍ የለም። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ በሽታ ይዞ ይገባል። ሆዱ የሞላ ልጅ ጡት አጥብቆ አይስብም፤ ያልተሳበ ጡት ደግሞ ወተቱ ይዘገያል። ከዚያ «ወተት የላትም» ይባልና ሌላ ማንኪያ ይመጣል። «እኛስ ቅቤ ውጠን አላደግንም ወይ?» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። የሚናገሩት ያደጉት ናቸው፤ በየመቃብሩ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች አይመልሱም።

የቆርቆሮውን ወተት እንደ ሥልጣኔ የሚቆጥሩም አሉ። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 እ.ኤ.አ. የእናት ጡት ተተኪዎች ለሕዝብ እንዳይተዋወቁ ደንብ ያወጣው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከእነዚያ ከ150 በላይ ስኳሮች ጥቂቱን በፋብሪካ እያመረቱ ዱቄቱ ላይ ይጨምሩና በትልቁ ይጽፉታል። ይኼ እኮ የእናትየዋን ወተት ገና እየተከተሉት እንደሆነ ማመን ነው። እናቱ የሞተችበት ወይም ሐኪም ጡት የከለከለው ልጅ ዱቄቱ ያስፈልገዋል፤ ለእርሱ ክልከላ የለም። ሸሪዓችንም ቢሆን አጥቢ ሴትን ያውቃል፤ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ያጠባቻቸው ሐሊማ አሰዕዲያ ነበረች።

አሁን ወደ ወንዶቹ ልምጣ። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ላይ ማጥባትን ማሟላት ለሚፈልግ ሁለት ሙሉ ዓመት መቀመጡን ሁላችሁም ታነሳላችሁ። እዚያው አንቀጽ ላይ የእናቲቱ ቀለብና ልብስ በአባት ላይ መደረጉን ግን ስንቶቻችሁ ታነሳላችሁ? ለዐቂቃው በግ ይታረዳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ከሳምንት በኋላ አራሷ እንሥራ ተሸክማ ውሃ ትቀዳለች። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጣሪ ለሆነች እናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። አይከል ገበያ ላይ መሬት ተቀምጣ የምትሸጠዋ ግን አሠሪዋ ባሏና ቤቷ ነው፤ ፈቃዱን መስጠት ያለበት እርሱ ነው። በረመዷንም ለራሷ ወይም ለልጇ የሰጋች አጥቢ እንድታፈጥር ሸሪዓው ፈቅዶላታል፤ አማቷ «ሌላዋ እየጾመች አንቺ ምን ሆነሽ?» እያለች ስታሳፍራት ባሏ ዝም ብሎ የሚሰማ ከሆነ ጥፋቱ የእርሱ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው። እንገሩ ብቻውን ይህን ይፈታዋል አልልም፤ ድህነት አለ፣ ንጹሕ ውሃ ማጣት አለ። ግን በነጻ የተሰጠንን እየደፋን ስለ ድህነት ብናማርር ማን ይሰማናል?

ከ6 ወር በኋላም ጉዳዩ አያልቅም። ልጁ ምግብ ሲጀምር ባክቴሪያዎቹ ደግሞ የእህልና የጥራጥሬ ቃጫ ይፈልጋሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ማሽላና ዘንጋዳ መሰል እህል ከጥራጥሬ ጋር የሚበሉ የቡርኪና ፋሶ ገጠር ልጆችን ከጣሊያኗ ፍሎረንስ ልጆች ጋር አወዳድሮ ነበር። ቃጫ የሚፈጩት ባክቴሪያዎችና አንጀትን የሚመግቡት አሲዶች በብዛት የተገኙት በቡርኪናዎቹ ነው። ያ ማዕድ የእኛው ነው፤ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። እኛ ግን ዳጉሳን የድሃ እህል ብለን ለልጁ ብስኩት በሻይ እንነክርለታለን። በእርግጥ ገንፎ ብቻውን ልጅ አያሳድግም፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ዘይት ይጨመርበት፣ ጡቱም ሁለት ዓመት ይቀጥል።

ኢማሞቻችን ሆይ፣ ለዐቂቃ ስትጠሩ ስም ከማውጣታችሁ በፊት አባትየውን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ከጡት ሌላ ምን ቀመሰ? እናቲቱስ ዛሬ ምን በላች? የጁሙዓው ኹጥባም ላይ ተሕኒክ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ አንድ ጊዜ በግልጽ ንገሩን።